ዕድሉን ቆጠርን፤ ሥራውስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ

በሥራ ቀን፣ ያውም ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት፣ ስለ ሥራ ለመስማት እዚህ ድረስ መጥታችኋልና አመሰግናለሁ። ከፊት ወንበሮች ላይ ጡረታ የወጡ አባቶችንና እናቶችን አያለሁ። ከኋላ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ወጣቶች አሉ። የዛሬው ጉዳይ ይበልጥ የሚነካው እነሱን ነውና፣ ባዶ ወንበር የቀረ እንደሆነ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ አስቀምጧቸው።

የተጋበዝኩት ስለ ወጣቶች ሥራና ስለ መጪው ጊዜ እንድናገር ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ዓላማዬን ላጥብበው። እኛ ሥራን የምንቆጥረው በር ላይ ቆመን ነው። ወጣቱ ሲገባ «አንድ» ብለን እንመዘግባለን። የወጣቱ ኑሮ ግን ያለው ከበሩ ወዲህ ሲፈልግ በሚያሳልፋቸው ወራትና ከበሩ ወዲያ ገብቶ በሚቆይባቸው፣ ወይም በማይቆይባቸው፣ ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከበሩ ወዲህ ስላለው ፍለጋ፣ ቀጥሎ ከበሩ ወዲያ ስላለው ቆይታ እናገራለሁ። ስለ መጪው ጊዜ የምለው አጠር ያለ ነው፤ ትንቢት አልችልበትም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃል ልነሳ። በዜናም በሪፖርትም የምንሰማው ዐረፍተ ነገር «ለይህን ያህል ሺህ ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ነው። «ሥራ ተፈጠረ» ሲባል ብዙም አይሰማም። ዕድል ደግሞ ሊደርስም ላይደርስም የሚችል ነገር ነው፤ ሎተሪ አዟሪውም መንገድ ለመንገድ የሚሸጥልን እሱኑ ነው። ግሱንም ልብ በሉት፤ «ተፈጠረ» ብሎ አለቀ። ከተፈጠረ በኋላ ይኑር ይሙት ዐረፍተ ነገሩ አያውቅም። ሪፖርት ጸሐፊዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእነሱ መካከል ወዳጆች አሉኝ። ቋንቋው ሳያስበው እውነቱን ተናግሮ አገኘሁትና ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዘመን የሥራ ፍለጋ መናኸሪያው አራት ኪሎ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ቅርብ ስለሆነ ጋዜጣው ትኩሱን የሚደርሰው እዚያ ነው። ለመግዛት አቅም ለሌለው ጋዜጣ አከራዮች ነበሩለት። ጥቂት ሳንቲም ከፍለህ ጠርዝ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለህ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ታነባለህ፣ አከራዩም ባያይህ እንኳ ሰዓቱን አይስትም። ፖለቲካውን እናልፈዋለን፣ ስፖርቱንም እናልፈዋለን፤ ሁላችንም የምንገልጠው የክፍት ሥራ ቦታ ገጽ ነው። አንድ ቀን የምፈልገው ማስታወቂያ ያለበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ከእኔ በፊት የተከራየው ሰው ቀዶ ወስዶታል። በቀዳዳው በኩል የሚቀጥለው ገጽ ላይ ያለ የጨረታ ማስታወቂያ ይታያል። አከራዩ «ሌቦች!» እያለ ሲራገም እኔ ሳቄ መጣ፤ ሰውዬው ማስታወቂያውን መውሰዱ ብቻ ሳይሆን ተወዳዳሪም መቀነሱ ገብቶኛልና።

በሌላ ጊዜ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ አግኝቼ በደስታ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነው። ተቀባይዋ ወረቀቶቼን አገላብጣ አየችና ሥራ ፈላጊ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ ነገረችኝ። ሥራ ለመፈለግ ሥራ ፈላጊ መሆኔን ማስመስከር ነበረብኝ ማለት ነው። ቀበሌ ስሄድ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ናቸው፣ በማግስቱ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ተቆልፏል፣ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬን ይዤ ስደርስ ምዝገባው ተዘግቷል። ዛሬ እያሳቀኝ አወራዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ከስድስት ኪሎ እስከ መገናኛ በእግሬ የተመለስኩት የታክሲውን ብር በፎቶ ኮፒ ስለጨረስኩት ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለትዝታ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ራሱ ገንዘብ የሚበላ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። ከተማችን ደግሞ ባለፉት ሃያ ዓመታት ወደ ዳር ተዘርግታለች። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይም ከመሀል ከተማ ተነስቶ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የገባ ቤተሰብ ጣራ አግኝቷል፤ ልጁ ግን የሥራ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል። ሰሌዳው ያለው መሀል ከተማ ነው። ለአንድ ቀን ፍለጋ ሁለት ሦስት ታክሲ፣ ኮፒ፣ ምሳ ያስፈልጋል። ምሳው ብዙውን ጊዜ ይዘለላል። ከአንድ ወር በኋላ ፍለጋው ራሱ ይዘለላል። በ2010 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በከተሞች ባደረገው ጥናት ከመቶ 19.1 ሰው ሥራ አጥ ነበር፤ ወንዶች 12.2፣ ሴቶች 26.4። የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ለመሆኑ ብዙ ምክንያት አለው፤ ከእነዚህ አንዱ ግን ይኸው መንገድ ይመስለኛል። እናት ወንድ ልጇን «ሂድና ሞክር» የምትልበትን ሰዓትና ሰፈር ለሴት ልጇ አትፈቅደውም።

ግምቴን ብቻ እንዳትሰሙ አንድ ጥናት ላንሳ። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ የሆኑ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ ወጣቶችን በዕጣ ከፈሏቸው። ለአንዱ ወገን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌላውን ወገን ለአጭር ሥልጠና ጠሩ። እዚያም የሥራ ማመልከቻና ሲቪ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማሩ፤ ችሎታቸውም ተፈትኖ ውጤቱ የምስክር ወረቀት ሆኖ ተሰጣቸው። ሦስተኛው ወገን ለማነጻጸሪያ ምንም ሳያገኝ ቆየ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ድጋፎች ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቷል። ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ያገኙት የተሻለ ገቢ ነበራቸው፤ በሥራቸውም ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል። ይበልጥ የተጠቀሙትም ቀድሞውኑ ዕድላቸው የጠበበው ናቸው። ሥራው በ2013 ዓ.ም. በአንድ ታዋቂ የምጣኔ ሀብት መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ምን ማለት ነው? ራሳችሁን በቀጣሪው ወንበር ላይ አስቀምጡ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጋችሁ ማስታወቂያ አወጣችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ የተከመረው ማመልከቻ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ያው ዲግሪ፣ ያው «ጠንካራና ታታሪ»፣ ያው የአጎት ልጅ ምስክርነት። ማንን ትቀጥራላችሁ? የምታውቁትን፣ ወይም የምታውቁት ሰው የሚያውቀውን። ዘመድ አዝማድ የሚባለው ነገር ክፋት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ሰውን ከሰው መለየት ያቃተው ቀጣሪ መሸሸጊያ ነው። ምስክር ወረቀቱ የረዳው «ይህችን ልጅ ፈትነናታል» የሚል ሦስተኛ ሰው ሆኖ ስለቆመላት ነው። አባቶቻችን ተያዥ ወይም ዋስ ይሉት የነበረውን ዓይነት።

ይህን ይዛችሁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አስቡ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የሁላችንም ክርክር ስለ ትምህርት ጥራት ነበር፤ ተገቢ ክርክር ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ያሰብኩት ከመቶ ከ94 በላይ ስለሆኑት ስለ ቀሩት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ በእጁ የቀረው ወረቀት «አላለፈም» የሚል ብቻ ነው። ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገርለት አንድም ወረቀት የለም። ቆጠራ ያውቃል፣ ማንበብ ያውቃል፣ ምናልባት የሰፈሩን ስልክ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ቀጣሪ ፊት ሲቆም ግን የሚታየው ያ አንድ ቃል ነው።

ከበሩ ወዲህ ያለው እንዲህ ነው። ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት እላለሁ።

የወጣቶች ሥራ ፕሮግራሞቻችን ታሪክ በአብዛኛው «ተደራጁ» የሚለው ቃል ታሪክ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ፣ ሼድ፣ የገበያ ትስስር፣ ብድርና ቁጠባ የሚሉትን ቃላት ሳይሰማ ያደገ ወጣት የለም። በ2009 ዓ.ም. ከነበረው የወጣቶች ተቃውሞ ማግስት 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑም እስከ አውሮፓውያኑ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን ሥራ የመፍጠር ዕቅድ አወጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ኃላፊነቱ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ። በየዓመቱ ሁለት ሚሊዮን ያህል ወጣት ወደ ሥራ ገበያው በሚገባበት አገር እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ማለም አያስቅም። የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የሚሞላበት መንገድ ነው።

ኮብልስቶንን እንውሰድ። ከጀርመኖች ጋር በመተባበር የተጀመረው ይህ ሥራ በብዙ ከተሞች ጭቃውን ድንጋይ አልብሷል፤ ክረምት ላይ ጫማ በፌስታል ሸፍኖ የሄደ ሰው ዋጋውን ያውቃል። አንድ ጊዜ የድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ዘንድ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጠራቢው ጥቁሩን ድንጋይ በግራ እጁ ያዞረዋል፣ ጅማቱን ይፈልጋል፣ ከዚያ በመዶሻው ጠርዝ አንድ ጊዜ ይመታል። ትክክል ከመታው ድንጋዩ እንደ ዳቦ ይከፈላል። ካልመታው ይፈረካከስና ኪሳራው የእሱ ነው፤ ክፍያው በፍሬ ነዋ። በየአቅጣጫው አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ ለማውጣት ዓይንና ክንድ መስማማት አለባቸው። አንዱ ወጣት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚሠራው። ለምን እንደማያደርገው ስጠይቀው፣ «በላብ ይጨልማል፤ ጅማቱን አያሳየኝም» አለኝ። የምህንድስና ምሩቅ ነበር። ያን ጊዜ «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» እየተባለ አገር ምድሩ ሲሳለቅ፣ እሱ ግን ስለ ድንጋይ ጅማት እንደ ሐኪም ያወራ ነበር። ሥራው አላሳፈረውም። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፦ የሰፈሩ መንገድ ተነጥፎ ሲያልቅስ?

ጥያቄው ትክክል ነበር። መንገድ አንድ ጊዜ ይነጠፋል። ማኅበሩ የቆመው በመንግሥት ትስስር ላይ ነውና ትስስሩ ሲቆም ማኅበሩም ይቆማል። በሪፖርቱ ላይ ግን ያ ልጅ ለዘላለም «የሥራ ዕድል ተፈጥሮለታል»። ከዓመት በኋላ በሌላ ማኅበር፣ በሌላ ወረዳ ቢደራጅ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። እንዲህ እየተደመረ አንድ ወጣት ብቻውን ሦስት ወጣት ይሆናል።

የፋብሪካውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፤ እንዲያውም የበለጠ ያስተምራል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። ከሲዳማ ገጠሮች ሳይቀር ወጣት ሴቶች መጡ። መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ደመወዝ ከተማ ውስጥ ቤት የሚከራየው አራት አምስት ሆኖ ነው። አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ፍራሹ ላይ ትተኛለች። በግል ድርጅት ለሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝም ጉዳዩ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። ሠራተኞቹም በእግራቸው ፈረዱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚለቀው እንደሚቀጠረው ብዙ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ «ዲሲፕሊን የላቸውም» አሉ። ልጆቹ «አያኖርም» አሉ።

ማን ልክ ነበር? ይህን ጥያቄ ሐዋሳ ሳይከፈት በፊት የጠየቁ ነበሩ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን አገራችን ውስጥ አምስት ድርጅቶች ደጃፍ ላይ ለሥራ ከተመዘገቡ አንድ ሺህ ከማይሞሉ ሰዎች መካከል በዕጣ ለአንዱ ወገን የፋብሪካውን ሥራ፣ ለሌላው ሦስት መቶ ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ሰጡ። በዓመቱ ሲመለሱ ፋብሪካ ከገቡት ከሦስት አራተኛው በላይ ለቀዋል። ገቢያቸው ከሁለቱም አንዱን ካላገኙት አልበለጠም፣ የከበደ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በሲሶ ያህል ጨምሯል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆምና «ፋብሪካ ይቅር፣ ገንዘብ ይታደል» ይላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሁሉም ወገን ወደ አንድ ዓይነት ኑሮ ተመልሶ ተገኘ። ከፋብሪካው የወጡት ልጆች ሰነፎች እንዳልነበሩ ይህ ያሳያል። ፋብሪካው ለእነሱ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠለሉበት በረንዳ ነበር፤ የተሻለ ሲገኝ፣ ወይም የተሻለ የሚገኝ ሲመስላቸው፣ ወጡ። የገንዘቡም ጥቅም አብሮ መሟሟቱ ግን እኔን የበለጠ ያሳስበኛል። መነሻ ገንዘብ ሱቅ ያስከፍታል፤ የሰፈሩን ሰው ኪስ ግን አያሰፋውም።

በሐዋሳ ላይ የወረደው ደግሞ ከልጆቹም ከፋብሪካዎቹም ቁጥጥር ውጭ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ምርታችንን ከቀረጥ ነፃ ያስገባ የነበረውን አጎዋ የተባለ የንግድ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገደችብን። የፓርኩ ዋና ስም የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ቀድሞ ለመውጣት ወስኖ ነበር። ስለ መጪው ጊዜ ስንናገር ማሽን ሥራችንን ይወስዳል እንላለን፤ የእነዚያን ልጆች ሥራ የወሰደው ግን በሩቅ አገር የተፈረመ ወረቀት ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ክፍል ያደርሰኛል። መጪው ጊዜ የሚባለው በከፊል መጥቷል። የአራት ኪሎው ጋዜጣ ዛሬ ቴሌግራም ሆኗል። ቱሉ ዲምቱ አልጋው ላይ የተኛ ልጅ በደቂቃ ውስጥ ሃያ ማስታወቂያ ያያል። ርቀቱ አጠረ ማለት ነው። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ደግሞ ማመልከቻውን በሰከንድ ይጽፍለታል። አንዲት ቀጣሪ ወዳጄ ግን በቅርቡ ስልኳን አሳየችኝ፤ በአንድ ሌሊት የደረሳት ማመልከቻ ተነብቦ አያልቅም፣ ሁሉም ደግሞ ኮማው ሳይቀር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ድሮ በፊደል ስህተት እንኳ እለያቸው ነበር» አለችኝ። ማመልከት ሲረክስ መለየት ይበልጥ ይወደዳል። ስለዚህ የዚህ ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ውጤት ቀጣሪውን መልሶ ወደሚያውቀው ሰው መግፋት እንዳይሆን እፈራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፤ የእኅቴ ልጅም ተመዝግቧል። ግን ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ጨረሰ የሚለው አሁንም የበር ቆጠራ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያንን ምስክር ወረቀት አይቶ አንድ ቀጣሪ ሐሳቡን ቀይሯል ወይ የሚለውን ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ የተባለው የታክሲ ጥሪ አገልግሎት ለብዙ ባለመኪና እንጀራ ሆኗል፤ የራይድ ሹፌሩ ዋስ ግን የአጎት ልጅ አይደለም፣ ከእሱ በፊት የተሳፈሩ ሰዎች የሰጡት ኮከብ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለጠራቢው፣ ለልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ዋስ ማን ያበጅላቸዋል? ወረዳዎቻችን የሥራ ፈላጊ ስም ይመዘግባሉ። የሠራውን ሥራ፣ አሠሪውንና የቆየበትን ጊዜ ቢመዘግቡስ? ወጪው ያው ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ደብተር ካልኩ አይቀር አንድ ያየሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንን የድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ፈልጌ ሄጄ ነበር። ሼዱ የሌላ ሰው መጋዘን ሆኗል። የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ የነበረችው ልጅ ግን እዚያው ሰፈር ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። «ደብተሩ እኔ ጋ ነው» አለችኝና ከጠረጴዛው ሥር ዘይት የነካው ሰማያዊ ደብተር አወጣች። አሥር ስም አለበት። ማኅበሩ ሲበተን የቀረችውን ቁጠባ ለየባለድርሻው ለማድረስ ስትል ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያለበትን ጽፋለች፦ ባጃጅ፤ ዱባይ፤ ጥበቃ፣ ማታ ማታ፤ አገር ቤት ገባ፤ ዱባይ፤ አገባች፤ መምህር፣ ወለጋ፤ ኮንስትራክሽን፣ የቀን። የምህንድስናው ልጅ ስም ጎን ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ የመጨረሻው የአንድ ተቋራጭ ቢሮ ነው። ከራሷ ስም ጎን «ሻይ» ብላለች። በየስንት ጊዜው እንደምትደውልላቸው ስጠይቃት «ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ» አለችኝ። ከዱባዮቹ የአንዷ ስልክ ባለፈው እንቁጣጣሽ አልተነሳም። እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች።

አሁን ማይክሮፎኑን ከኋላ ለቆሙት አሳልፉላቸው።